ጉም ፍለጋ የወጡት ሙሽሮች

ፎቶ አንሺው እናቱ ያወጣችለት ስም አለው፤ ግን ከመታወቂያው በቀር የሚያስታውሰው የለም። ለሁሉም ሰው ጉሜ ነው። ስሙን ያገኘው ከሥራው ነው። ከተማዋ የተቀመጠችው እንደ ሳህን ጎድጎድ ባለ ቦታ ላይ ሲሆን፣ ከሥሯ ሰፊ ረግረግ ነበር። ብርዱ በገባባቸው ወራት ሰማዩ ጥርት ብሎ ካደረ፣ ማለዳ ላይ ጉም ከረግረጉ ቀስ ብሎ ይነሳና አጥሩን፣ መንገዱን፣ የመብራት ምሰሶውን ሁሉ ይውጣል። ያን ጊዜ ጉሜ ሙሽሮቹን ከሞቀ አልጋቸው ያስነሳና ወስዶ ከጉሙ መሀል ያቆማቸዋል።

ጉም ደግሞ ለሰርግ ፎቶ ልዩ ጸጋ አለው። ቀለም የናፈቀውን ግድግዳ ይሸፍናል። የሙሽራውን ቦርጭ ይሸፍናል። የሚዜውን ያልተተኮሰ ሱሪ ይሸፍናል። ሙሽሮቹ በዋዜማው ተጣልተው እንደሆነም ኩርፊያቸውን ይሸፍንና ጥልቅ ፍቅር ያስመስለዋል። “ደመና ላይ የቆሙ እኮ ነው የሚመስሉት!” ይላል ፎቶውን ያየ ሁሉ። ጉሜም ጢሙን እየዳበሰ “ከእጄ ነው” ይላል። በልቡማ ጉሙ ራሱ እሱን ብሎ የሚመጣ ይመስለው ነበር።

ከዚያ ከተማዋ ማደግ ጀመረች። ረግረጉ በገልባጭ መኪና አፈርና ጠጠር ተሞላ። በላዩ ላይ ፎቅ በቀለ፤ አንዱ ተሠርቶ ሳያልቅ ሌላው ይጀመራል። ሣር የነበረው ሁሉ አስፋልት ሆነ። ጉሙ መጀመሪያ ማርፈድ ጀመረ፤ ቀጥሎ መጥቶ ሳይቀመጥ መሄድ ጀመረ፤ በመጨረሻም እንደ ተቀየመ ዘመድ ጭራሽ እግሩን አነሳ።

ጉሜ ሙሽራ ይዞ በማለዳ ይወጣል፤ ፀሐይዋ አፍጥጣ ትጠብቀዋለች። በዚያ ብርሃን የሙሽሪት ብጉር እንኳ ጥላ አለው።

“ጉሙስ?” ይላሉ ሙሽሮቹ።

“እየመጣ ነው” ይላል ጉሜ።

የሚመጣው ግን የከተማ አውቶቡስ ነው። ጉሜ መጀመሪያ የሰው ዓይን ነው አለ። ቀጥሎ ካሜራውን ጠርጥሮ ሌንሱን ሲወለውል ከረመ። ስቱዲዮው ውስጥ አብረውት የሚሠሩት አማቱ ግን ነገሩን በአንድ ቃል ጨረሱት። እኚህ ሴት ጡረታ ከወጡ በኋላ ቤት መቀመጥ አንገሽግሿቸው ነው የመጡት፤ ሥራቸው ብርሃን የሚመልሰውን ብርማ ሰሌዳ መያዝ ነው። እጃቸው ሰሌዳውን ይዞ ቀጥ ይላል፤ ምላሳቸው ግን እረፍት አያውቅም።

“ጉም መዝገን ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር” አሉ። “ለካ የአማቼ መተዳደሪያ ኖሯል!”

ጉሜ ይህን የሰማ ዕለት እልህ ያዘው። ከአንድ የሙዚቃ ባንድ የጭስ ማሽን ተውሶ መጣ። “ጉም እምቢ ካለ እኛው እንሠራዋለን!” ብሎ ስቱዲዮው መሀል አቆመውና ቁልፉን ተጫነው። ማሽኑ ጭሱን ፍስስ አደረገው። ያምራል። ጉሜ ቁልፉን መልሶ ሲጫነው ግን ማሽኑ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ስቱዲዮው ሞላ፤ ኮሪደሩ ሞላ፤ ጭሱ ደረጃውን ተከትሎ ሽቅብ ወጣ።

ከስቱዲዮው በላይ ያለው ፎቅ ላይ የጥርስ ክሊኒክ ነበር። ሐኪሙ ጉጠቱን ይዞ መንጋጋ ሊነቅል ሲያጎነብስ፣ ጭሱ በበሩ ሥር ገባ። ታካሚው ሌላ ማስረጃ አልፈለገም። ጥጡን እንደጎረሰ፣ አፉን እንደከፈተ ደረጃውን በረረበት። ሐኪሙም ጉጠቱን እንደያዘ “ኧረ አልጨረስኩም!” እያለ ተከተለው። ደረጃው ላይ ጭሱ ውስጥ ከአንዲት ሴት ጋር ግንባር ለግንባር ተላተመ። ይቺ ሴት የጉሜ ሚስት ታናሽ እህት ናት፤ እዚያው ስቱዲዮ ኮምፒውተር ላይ ፎቶ የምታሳምር። ጉጠት የያዘ ነጭ ለባሽ ከጭስ ውስጥ ሲወጣባት መጮህ ሲገባት ሳቋ መጣ። ሐኪሙም የሳቀችበትን ጥርስ አየና ታካሚውን ረሳው።

“እንዲህ ያለ ጥርስ ከመጽሐፍ በቀር የትም አይቼ አላውቅም” አላት።

ታካሚው ሌላ ሐኪም ፈለገ። እነሱ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ የሰርግ ቀን ቆረጡ።

ጉሜ ጭሱ ለቁም ነገር በመዋሉ ደስ አለው፤ ደስታው ግን ብዙም አልቆየም። ሙሽሪት አንድ ነገር ብቻ ለመነችው።

“ለአገር ምድሩ ስታነሳ የኖርከውን የጉም ፎቶ ለእኔ አትነፍገኝም አይደል?”

“ምን ሲደረግ!” አለ ጉሜ አፉን ሞልቶ።

አማቱ ብርማ ሰሌዳቸውን እየወለወሉ “እስቲ እናያለን” አሉ። “ለትልቋ ልጄ ባል ሆንክ፤ ዝም አልኩ። ለትንሿ ፎቶ ከነፈግካት ግን አንተን አያድርገኝ።”

ጉሜ ጭንቅ ሲለው ሁልጊዜ የሚሮጠው ወደ ታላቅ እህቱ ነው። እሷ የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት ባለሙያ ናት፤ ሰማይን የምታየው በመስኮት ሳይሆን በኮምፒውተር ነው። ቢሮዋ ድረስ ሄዶ ወንበር ላይ ዘፍ አለ።

“እህትዓለም፣ ጉሜ የት ሄደ?”

“አንተ አይደለህ እንዴ ጉሜ?”

“ቀልዱን ተይው! ጉሙን ነው የምልሽ!”

እህቱ መነጽሯን አስተካከለች። “ከተማህ ትኩሳት ይዟታል፣ ወንድሜ። ቀኑን ሙሉ ሲሚንቶውና አስፋልቱ ፀሐይ ሲጠጣ ይውልና ሌሊት ሙቀቱን ይተፋዋል። ጉም ደግሞ መሬቱ ካልቀዘቀዘለት፣ አየሩ ካልረጠበለት አይቀመጥም። ረግረጉን ደፈናችሁት፤ እርጥበቱ ሄደ። ፎቁን ደረደራችሁት፤ ብርዱ ሄደ። ና እስቲ እይ።” ከሳተላይት የተነሳ ምስል አሳየችው። ነጩ ጉም ዙሪያውን ተኝቷል፤ ከተማዋ ግን መሀል ላይ እንደ ራሰ በራ ሰው አናት ባዶ ሆና ታበራለች።

ጉሜ ብድግ አለ። “ስለዚህ ዳር ዳሩን አለ ማለት ነው?”

“አለ። በጡብ ማቃጠያዎቹ በኩልማ ከድሮውም ይብሳል። ጭሱ ነዋ! እያንዳንዷ የጥቀርሻ ብናኝ ለውሃ ጠብታ ወንበር ናት። ወንበሩ ሲበዛ ተቀማጩ ይበዛል፤ ያው ውሃ ለብዙ ሲካፈል ደግሞ ጠብታዎቹ ደቃቃ ይሆናሉ። ደቃቃ ጠብታ ቶሎ አይወርድም፤ አየር ላይ ተንሳፎ ይቀራል። ስለዚህ ወፍራም ነው፤ እጅህን ዘርግተህ ጣትህን አታይም። ግን ስማኝ፣ ሙሽራ ይዞ እዚያ መሄድ…”

ጉሜ “ወፍራም ነው” ከሚለው በኋላ ያለውን አልሰማም። ግንባሯን ስሞ በሩን አልፎ ሄዷል።

በሰርጉ ዕለት ማለዳ፣ ጉሜ፣ አማቱና ሁለቱ ሙሽሮች በአንድ መኪና ሆነው ከከተማው ወጡ። የመጨረሻዎቹን ፎቆች እንዳለፉ ጉሙ ድንገት መጣ። መጣ ከማለት መኪናዋን ጎረሳት ማለት ይሻላል። ጉሜ ከደስታው ብዛት መሪውን ሊለቅ ምንም አልቀረው።

“አያችሁ? አያችሁ እንዴት ያለ ጉም ነው!”

“ይሄ ጉም አይደለም፤ ግድግዳ ነው” አሉ አማቱ። “ደግሞ ምን ምን ይላል?”

“የተቃጠለ ጎማ ጎማ” አለ ሐኪሙ አፍንጫውን ይዞ።

ጉሜ ሽታ ፎቶ ላይ አይወጣም ብሎ አጽናናቸው። መኪናዋን አቁመው ሲወርዱ ምድር ሰማዩ አንድ ሆኗል። የማቃጠያዎቹ ጭስ ማውጫ እንኳ አይታይም። ቢጫማ፣ ከባድ፣ ጉሮሮ የሚቧጥጥ ጉም ነው። ሙሽሪት ሁለት ቃል ሳትናገር ድምጿ ሻከረ፤ የሐኪሙ ድምፅም እንደ ዛገ መጋዝ ሆነ። ጉሜ ግን የድሮ ዘመኑ የተመለሰ ያህል ሽር ጉድ ይላል።

“እንግዲህ ስሙኝ። አንቺ እዚህ ቁሚ፤ ፊትሽን ወደ እኔ፤ ዘወር እንዳትይ። አንተ ዶክተር ወደ ጉሙ ግባና ጥፋ። ከዚያ ተመለስና ቀስ ብለህ ብቅ በል፤ ከኋላዋ መጥተህ እጅህን ትከሻዋ ላይ አሳርፍ። ከህልም እንደመጣ ሰው ነው የምትሆነው፤ ገባህ?”

“ገባኝ” አለ ሐኪሙ፤ ከዚያም ወደ ጉሙ ገባና ጠፋ።

ጉሜ ያላወቀው አንድ ነገር ነበር። ጉም ያጣው ፎቶ አንሺ እሱ ብቻ አይደለም። ፍላሽ የሚባለው ባላንጣው፣ መንገዱን ተሻግሮ ያለው ስቱዲዮ ባለቤት፣ እሱም ጉም ሲያፈላልግ ከርሞ የዚያኑ ዕለት ማለዳ ሙሽሮቹን ይዞ ከሜዳው ወዲያ ማዶ ቆሟል። እሱም እንዲሁ ሙሽሪትን ፊቷን ወደ ካሜራ አዙሮ አቁሞ፣ ሙሽራውን “ወደ ጉሙ ግባና ተመለስ” ብሎት ነበር። ሁለት ጥቁር ሱፍ የለበሱ ሰዎች አንድ ጉም ውስጥ ገቡ፤ ሁለቱም ዞር ዞር አሉ፤ ሁለቱም አቅጣጫ ጠፋቸው፤ ሁለቱም በመጨረሻ ነጭ ቬሎ ሲያዩ “ተመስገን” ብለው ወደ እሱው አቀኑ።

ጉሜ በካሜራው ሲያይ ጥላ የመሰለ ሰው ከጉሙ ወጣ። “ግሩም ነው! በርታ!” አለ። ሙሽራው ትንሽ ያጠረ መሰለው፤ ግን ጉም ሰው ያሳጥራል ብሎ አለፈው። ሰውየው መጥቶ እጁን ከሙሽሪት ትከሻ ላይ አሳረፈ።

“እጅህ ምነው ሞቀ?” አለች ሙሽሪት ሳትዞር፣ በሻከረ ድምፅ። የሐኪሙ እጅ ወትሮም እንደ በረዶ ነው።

“ሩጬ ነው” አለ ሰውየው፤ እሱም በሻከረ ድምፅ፤ ሳልም ጨመረበት።

ጉሜ አነሳ። ደግሞ አነሳ። አማቱ ብርማ ሰሌዳውን ቢያዞሩትም የሚመልሱት ብርሃን ስላልነበረ፣ ጥለውት ወደ ሙሽራው ሄዱ። መነጽራቸው በጉሙ ላብ አልቦታል። ክራባቱን በዳበሳ አገኙትና ያስተካክሉ ጀመር። እግረ መንገዳቸውንም ሲያብሰለስሉት የከረሙትን ምክር ለቀቁበት።

“ስማኝ ልጄ። ይቺ ልጅ ጠዋት ስትነሳ የሚያናግራት አትወድም፤ ፊቷን እስክትታጠብ ዝም በላት።”

“እሺ እማማ።”

“ስትቆጣ አብረህ አትቆጣ። ውጣና ትንሽ ተናፍሰህ ተመለስ።”

“እሺ እማማ።”

“በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ ደውለህ ትጠይቀኛለህ። ያኛው ካሜራ ያንጠለጠለው አማቼ አንድ ቀን ደውሎልኝ አያውቅም።”

“ኧረ እማማ፣ ቀኑን ሙሉ አብረን አይደል እንዴ የምንውለው!” አለ ጉሜ ከካሜራው ጀርባ።

“ቃሌ ነው እማማ፤ እደውላለሁ” አለ ሙሽራው።

አማቱ ልባቸው ቅቤ ጠጣ። ሐኪሙ እንዲህ ያለ ታዛዥ መሆኑን እስከዛሬ አላወቁም ነበር። ‘በነጭ ጋወን ውስጥ ተደብቆ ነው እንጂ ለካስ ሰው ነው’ አሉ በሆዳቸው።

ልክ በዚያች ቅጽበት ከጉሙ ወዲያ ማዶ አንድ ጩኸት ተሰማ።

“ይሄ ጥርስ የእኔ አይደለም!”

የሐኪሙ ድምፅ ነው። ጉሜ ካሜራውን ቀስ ብሎ አወረደ።

“ዶክተር… አንተ እዚህ አይደለህም እንዴ?”

“እኔ እዚህ ነኝ!” አለ ድምፁ ከሩቅ። “እዚያ ያለው ማነው?”

ከሙሽሪት ትከሻ ላይ ያለው እጅ የጋለ ብረት እንደነካ ተነሳ። ሙሽሪት ዞረች። አማቱ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና መልሰው አደረጉ። ፊት ለፊታቸው አጠር ያለ፣ ክብ ፊት ያለው፣ የማያውቁት ሰው ክራባቱን በእጃቸው እንዳስያዘ ቆሟል።

“አንተ ደግሞ የማን ነህ?” አሉት።

“እኔ… የመኪና መንዳት አስተማሪ ነኝ” አለ ሰውየው ተርበትብቶ። “መንገድ ጠፍቶኝ ነው።”

“ታዲያ ያን ሁሉ ስመክርህ ምነው ሁሉን እሺ አልክ?”

“የሙሽራዬ አክስት ከሩቅ አገር ይመጣሉ ብለውኝ ነበር። ኃይለኛ ናቸው፣ የሚሉህን ሁሉ እሺ በል ተብያለሁ።”

ወዲያውኑ ከጉሙ ውስጥ የሌላኛው ወገን ሰዎች በድምፅ እየተመሩ ደረሱ። ከፊት ሐኪሙ፤ ከኋላው ቬሎዋን ሰብስባ በንዴት የምትራመድ ሌላ ሙሽራ፤ ከእሷ ኋላ ፍላሽ። ነገሩ እንዲህ ነበር፦ ሐኪሙ እጁን ትከሻዋ ላይ ሲያሳርፍ ሙሽራዋ ቅዝቃዜው ኮርኩሯት ሳቀች። ሐኪሙም አጎንብሶ ጥርሷን አየና ዓለም ተገለበጠበት።

“ጥርሴ ምን ሆኗል ነው የምትለው?” ትለዋለች ሴትየዋ።

“ምንም አልሆነም! ከላይ በኩል ትንሽ ተደራርቧል፤ ይስተካከላል። ሰኞ ክሊኒክ ብቅ ካልሽ…”

“በሰርጌ ቀን?!”

ጉሜና ፍላሽ ግን ሙሽሮቹን ትተው እርስ በርስ ተፋጠዋል።

“ጉሙን ማን ነገረህ?” አለ ጉሜ።

“ጉም የአባትህ ርስት ነው እንዴ? እኔ ነኝ ቀድሜ የመጣሁት!”

“ስሜ ማነው? ጉሜ አይደለም? ታዲያ ጉሙ የማን ይሆናል!”

በዚህ ሙግት ላይ ሳሉ ፀሐይዋ ከፍ አለች፤ ጉሙም እያቅማማ ትንሽ ሳሳ። ያኔ ሁሉም ተያዩ። ቬሎዎቹ አመድማ ሆነዋል። የሁሉም አፍንጫ ቀዳዳ እንደ ምድጃ ጠቁሯል። የአማቱ ሽበት ወደ ወጣትነት ተመልሷል። ጩኸቱን ሰምተው የመጡት የጡብ ሠራተኞች ዙሪያቸውን ቆመው ያያሉ። ከመሀላቸው አንዲት ደልደል ያለች ሴት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ “ሙሽሮች ናችሁ ወይስ ከሰል ነጋዴ?” አለች።

መጀመሪያ የሳቁት አማቱ ናቸው። እሳቸው ሲስቁ የመኪና አስተማሪው ሳቀ፤ ከዚያ ሁሉም ተከተለ። የተቆጣችው ሙሽራ እንኳ የተደራረበውን ጥርሷን ሳትሸፍን ሳቀች። የጡብ ሠራተኛዋ ወደ ውሃ በርሜላቸው ወሰደቻቸው። “እኛ በየቀኑ ነው የምንታጠበው” አለች ሳሙና እያቀበለች። “ሳሉ ግን አይታጠብም።”

ጉሜ ብቻ አልሳቀም። የሚስቱ እህት የቬሎዋን ጫፍ በርሜሉ ውስጥ ነክራ ስትጨምቀው የሚወርደውን ጥቁር ውሃ እያየ ቆመ። ያ የድሮው ጉም እርጥብ ሣር እርጥብ ሣር ይል ነበር፤ ከዚያ የወጣ ሰው ጉንጩ ቀልቶ፣ ፀጉሩ ላይ ጤዛ ይዞ ነበር የሚወጣው። ይሄኛውን እንዴት ከዚያኛው ጋር አንድ አደረገው? ኀፍረት ተሰማው።

“ይቅርታ” አላት። “ስሙ አንድ ስለሆነ አንድ መስሎኝ ነው።”

“ፊትህን ታጠብና አንሳን” አለችው። “እንዲህ ሆነን ዳግም አንገኝም።”

አነሳቸው። ፍላሽም መጥቶ ከጎኑ ቆመና አነሳ። አራቱ ሙሽሮች በርሜሉን ከበው፣ ግማሽ ፊታቸው ታጥቦ፣ ግማሹ ጠቁሮ፣ የጡብ ሠራተኞቹ ከኋላቸው ተደርድረው።

የሰርጉ አዳራሽ ሲደርሱ እንግዳው ሁሉ ጥበቃ ሰልችቶት ቁና ቁና ይተነፍሳል። የጉሜ እህት በር ላይ ቆማ ነበር። ቬሎውን ከላይ እስከ ታች አየችው።

“ነግሬህ አልነበረም?”

“መቼ?”

“አትሂድ ብዬህ!”

“እሱን ከሄድኩ በኋላ ነው የተናገርሽው” አለ ጉሜ።

ሰርጉ አመድማ በሆነ ቬሎ ተደረገ። ከእንግዶቹ አንዳንዶቹ አዲስ ፋሽን መስሏቸው የት እንደተገዛ ሲጠይቁ ዋሉ። የጉሙ ፎቶዎች ታጥበው ሲወጡ ከግራጫ ወረቀት በቀር አንድም የሚታይ ነገር አልነበራቸውም፤ አንዷ ላይ ብቻ አማቱ የባዳ ሰው ክራባት ይዘው ሲመክሩ በደብዛዛው ይታያል። የበርሜሉ ፎቶ ግን ጉድ አሰኘ። ሐኪሙ አሳድጎ ክሊኒኩ ግድግዳ ላይ ሰቀለው፤ በጠቆረ ፊት ላይ ጥርስ እንዴት እንደሚያበራ ያየ ታካሚ ሁሉ ምን የጥርስ ሳሙና እንደተጠቀሙ ይጠይቃል። ያቺ ሙሽራም ንዴቷ ሲበርድ፣ አንድ ሰኞ ቀን ብቅ አለች።

ጉሜ ጉም ማሳደዱን ተወ። አሁን ሰውን የሚያነሳው በጠራራ ፀሐይ ነው፤ ቦርጭ ያለውን “እስቲ ትንፋሽህን ሳብ” ይለዋል፤ የተኳረፉትን ደግሞ መጀመሪያ ያስታርቃቸዋል፤ ይሄኛው ፎቶ ከማንሳቱ የበለጠ ጊዜ ይፈጃል። ከፍላሽ ጋር አልተዋደዱም፤ ግን ሰላምታ ይለዋወጣሉ።

የመኪና አስተማሪው ቃሉን አላጠፈም። በየሳምንቱ እሑድ ለአማቱ ይደውላል፤ ጤናቸውን ይጠይቃል፤ ሚስቱ ስትቆጣ ወጥቶ ተናፍሶ መመለሱን ይነግራቸዋል። ሐኪሙ ይህን ሲሰማ ቅናት ቢጤ ያዘውና እሱም መደወል ጀመረ። ባለፈው እሑድ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ደወሉ። እሳቸው በአንዱ ስልካቸው ሲያወሩ፣ ጉሜ ሌላው ስልካቸው ሲጮህ አይቶ “እማማ፣ ዶክተር እየደወለልዎት ነው” አላቸው።

አማቱ በእጃቸው ዝም እንዲል ምልክት ሰጡት።

“ይጠብቅ” አሉ። “ከአማቼ ጋር እያወራሁ ነው።”